የሰጠመው ሬት

ስሙኝማ! እኔ ክፍል ውስጥ አፌን ከፍቼ መናገር የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። የባዮሎጂ ቲቸራችን ደስ ብሎት፣ በዘይት ጀሪካን የተከለውን ሬት «አንቺ ተንከባከቢልኝ» ብሎ ሰጠኝ። በየቀኑ አጠጣሁት። ቅጠሉ ልፍስፍስ ብሎ ሲወድቅ ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት፤ ባሰበት። አሁን ቲቸር ምን ይለኛል፣ ሁለተኛስ ያምነኛል ወይ እያልኩ፣ ከክፍል ጀርባ ተደብቄ ሳለቅስ ጥበቃችን ኦቦ ለሚ አገኙኝ። ቅጠሉን በጣታቸው ጫን አደረጉና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ አልጠማውም፤ ሰጥሟል! በሱሉልታ ብርድ ይሄን ሁሉ ውሃ?» አሉኝ። ጀሪካኑን ሲያዩት ከሥሩ ቀዳዳ የለውም። ሬቱን መዘዝ አድርገው ሲያወጡት እኔ ጮህኩ። እሳቸው ግን የበሰበሰውን ሥር በሴንጢ ቆርጠው ጥላ ቦታ ላይ አስተኙት። «አራት ቀን ይድረቅ። ከዚያ ጀሪካኑን በስተን በአሸዋ እንተክለዋለን።»

«ቲቸር ቢጠይቀኝስ?»

«ያደረግሽውን ንገሪዋ፤ ምን ያደርግሻል?»

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ክፍል ውስጥ ተነሳሁ። «ውሃ አብዝቼበት ሥሩ በሰበሰ። ያዳኑት ኦቦ ለሚ ናቸው» አልኩ። ቲቸር ወጣና ኦቦ ለሚን ራሳቸውን ይዟቸው መጣ። አንዱ ልጅ ከኋላ «ደግሞ ጥበቃ ሊያስተምረን?» አለ።

«አንተ እንኳን ታውቀኛለህ፤ ስታረፍድ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እንገናኛለን» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ስለ ሥር፣ ስለ አሸዋ፣ ስለ ውሃ ማስረዳት ጀመሩ። እንዴት አድርገው እንደሚያውቁት! ቲቸራችን እኔ አጠገብ ዴስክ ላይ ቁጭ ብሎ ደብተር አወጣ።

«ኦቦ ለሚ፣ ትንሽ ቀስ ይበሉልኝ» አለ፣ «እየጻፍኩ ነው።»