የተስፋሁን መጽሐፍና የመምሬ ደምሴ ቀኖና

በእኛ ጊዜ ሰው መንፈሳዊ መጽሐፍ ጻፈ ከተባለ ወይ መንኩሷል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ደግሞ ሞቶ ደቀ መዝሙሩ ነው ያሳተመለት። አሁንማ ልጆቼ፣ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ጸሐፊ ግን በየቀኑ ይመጣል። ሳቂ፣ ሳቂ፣ እውነቴን ነው!

ተስፋሁንን ታውቁት የለ? የእህቴን ልጅ፣ ከእኔ ጋር አራተኛ ፎቅ የሚኖረውን። እናቱ ስትሞት እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እሱን አልክድም። ብቻ ችኩል ነው። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ቴሌግራም ላይ ስብከት ይለጥፋል። "ተስፋዬ፣ መጀመሪያ አንተ ጸልይ እንጂ" ስለው፣ "አክስቴ፣ አንቺ አይገባሽም፣ ተከታዮቼ ይጠብቁኛል" ይለኛል። ተከታዮቼ! ጌታችን እንኳ አሥራ ሁለት ነበሩት፣ ከነሱም አንዱ ሸጠው።

እና ታዲያ ይሄ ልጅ መጽሐፍ ልጽፍ ነው አለ። "ምን የሚል?" አልኩት። "የማይቸኩል አምላክ" አለኝ። ስለ ትዕግሥት መሆኑ ነው! እና ይሄን የትዕግሥት መጽሐፍ እንዴት እንደጻፈው ብታዩ! በአንድ እጁ ዳቦ፣ በአንድ እጁ ኮምፒውተር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ደግሞ በስልኩ። "አክስቴ፣ ምዕራፍ አራት አለቀ!" ሳልቀመጥ፣ "ምዕራፍ አምስት አለቀ!" አንድ ቀን ወጥ ጥጄ ታች ወርጄ ነበር፣ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ፣ "ኧረ ተስፋሁን፣ ድስቱን አውርደው!" ብዬ ብጮህ፣ "ቆይ አክስቴ፣ የኢዮብ ትዕግሥት ላይ ደርሻለሁ!" ኢዮብ ዳነ፣ ወጤ አረረ።

ታዲያ መንፈሳዊ መጽሐፍ ዝም ብሎ አይታተምም፣ የነፍስ አባት አይቶ ይባርከዋል። የእኛ የነፍስ አባት መምሬ ደምሴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መቸኮል የሚባል አልፈጠረባቸውም። ዳዊት ሲደግሙ አንዷን መዝሙር ጀምረው እኔ ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆ አጥቤ ስመለስ እዚያው ናቸው። ልጁ ረቂቁን ሰጣቸው፣ ጾም ገባ፣ ጾም ተፈታ።

"አባቴ፣ አዩልኝ?"

"ይቆይ ልጄ፣ ገና መግቢያው ላይ ነኝ።"

"እንዴ አባቴ፣ መግቢያው እኮ ሁለት ገጽ ነው!"

"አዎ፣ ሁለተኛዋን እያሰብኩባት ነው።"

በዚህ መሃል መምሬ ታመሙ። ሕመሙ ጠንቶ ጸሎተ ቀንዲል ተደረሰላቸው፣ እኛም ነጠላችንን አዘቅዝቀን ልንለብስ ምንም አልቀረን። ከዚያ ልጃቸው ሰበታ ቤቷ ወስዳ ታስታምማቸው ጀመር። የእኛ ጸሐፊ ደግሞ ጭንቀቱ ሌላ ነው። መጽሐፉ ለግንቦት ልደታ መድረስ አለበት፣ ለንግሡ ሕዝቡ ይጎርፋላ! ማተሚያ ቤቱም "ዛሬ ካልሰጠኸን ለበዓሉ አይደርስም" አለው። ሰጠ። ምን ብሎ እንደሰጠ እኔ በምን አውቄ? እኔማ ሰበታ ደውዬ፣ መምሬ ቀና ማለታቸውን ሰምቼ፣ እልል ብዬ ገብቼ ነግሬዋለሁ። "እሺ፣ እሺ አክስቴ" አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። አልሰማኝም ለካ።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ታውቁ የለ፣ የዚያን ቀን ንፍሮ ከቤት ወጥቶ ነው የሚበላው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል፣ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሏል፣ ተስፋሁን ነጭ በነጭ ለብሶ ማይክ ይዟል። "ወገኖቼ፣ ትዕግሥት ማለት..." ሲል፣ በበሩ በኩል እልልታ ቀለጠ። መምሬ ደምሴ! መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ቀስ፣ ቀስ እያሉ። እኔ እልል እላለሁ፣ ልጁን ባየው ፊቱ አመድ መስሏል። ምነው፣ ደስ አላለውም እንዴ ብዬ አዘንኩበት።

መምሬ ተቀመጡ፣ መስቀላቸውን አሳለሙ፣ መጽሐፉን አነሱ። መጽሐፍ ሲባርኩ የመጀመሪያዋን ገጽ ጮክ ብለው ማንበብ ልማዳቸው ነው። ተስፋሁን ዘሎ መጣ፣ "አባቴ፣ እንዳይደክምዎት፣ እኔ ላንብብልዎት!"

"ተው ልጄ፣ ማን አስቸኮለን?" መነጽራቸውን ፈለጉ። አገኙ። ጠረጉ። አደረጉ። እና ማንበብ ጀመሩ፣ "የዚህ መጽሐፍ... መታሰቢያነቱ... በሞት ለተለዩን... ለነፍስ አባቴ... ለመምሬ... ደምሴ..."

ንፍሮ የሚያኝክ አፍ እንኳ ቆመ።

መምሬ ቀና አሉና፣ "መቼ ነው ያረፍኩት?" አሉ።

ልጁ እግራቸው ላይ ወደቀ። "አባቴ፣ ይፍቱኝ! ለበዓሉ አይደርስም ሲሉኝ... ታመውም ስለነበር... ያልፋሉ ብዬ..."

"ታዲያ ለቀብሬ እንኳ ብቅ አላልክም?" አሉት። ሰው ሳቀ፣ እኔ ግን አፈርኩ። እውነታቸውን ነው! አንድ ቀን ሰበታ ሄዶ ቢጠይቃቸው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ስለ እግዚአብሔር ሲጽፍ፣ የእግዚአብሔርን ሰው ለማየት ጊዜ አጣ።

ተስፋሁን እንባው እየወረደ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ብዕር አልነካም፣ መጻፍ ትቻለሁ!" አለ።

"ይሄም ችኮላ ነው" አሉት መምሬ።

እስቲ ይሄን ስሙ! እኔ መቶ ስብከት ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ አልሰማሁም። እና ቀኖናውን ሰጡት። "ልጄ፣ ይሄ መታሰቢያ ነው፣ አይደል? መታሰቢያ ደግሞ ሟቹን ይጠብቃል። ስለዚህ መጽሐፉ እኔ እስክሞት አይወጣም። እስከዚያው ከመጀመሪያው አዲስ ጻፍ፤ በየሰንበቱ አንዲት ገጽ እያመጣህ ታነብልኛለህ፣ አሜን ካላልኩ ወደሚቀጥለው አታልፍም።"

አሁን መጽሐፉ በካርቶን በካርቶን ሆኖ ሳሎኔን ሞልቶታል፣ እንግዳ ሲመጣ 'የማይቸኩል አምላክ' ላይ ነው የሚቀመጠው። ልጁ ግን፣ አልዋሽም፣ ሌላ ሰው ሆኗል። ባለፈው ሰንበት ያነበባትን ገጽ ሰማኋት። ስለ እናቱ ናት፣ ታማ ተኝታ በማይሰማ ድምፅ እንዴት አቡነ ዘበሰማያት እንዳስተማረችው። በዚያ በፊተኛው መጽሐፍ ውስጥ እህቴ የለችም፤ አልደረሰባትም፣ ሲሮጥ አልፏታል። አለቀስኩ። መምሬም ብዙ ቆይተው፣ "አሜን" አሉ።

— ታዲያ እትዬ፣ የተስፋሁን ጸሎቱ እንዴት ነው? የመምሬን ዕድሜ ያርዝምልኝ ይላል ወይስ...?

እሱን እንኳ ተዪው! ትናንት መምሬን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፣ ወደ እኛ ቤት አራት ፎቅ በእግራቸው ሲወጡ። "አባቴ፣ ዛሬስ በረቱ?" ብላቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? "ምን ላድርግ ልጄ፣ መበርታት ነው እንጂ! መሃል ላይ ብሞትበት የቀረውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።"