ቤቱ ኢንጅባራ ነው

(አዲስ አበባ፣ ሳሪስ። የልጅቷ አባት አቶ ወንድይፍራውና ከኢንጅባራ ለሽምግልና የመጡት የልጁ አጎት አቶ ስንሻው፣ የቀሩትን ሽማግሎች ቤት ውስጥ ትተው ከግቢው በር ውጭ ቆመዋል።)

ወንድይፍራው፦ ባለፈው እሑድ «ልጃችን ቤት ሠርቷል» ብለውኛል። እኔም ለእናቷ ነገርኳት፤ እናቷም ለሰፈሩ።

ስንሻው፦ እኔ ያልኩት «ኢንጅባራ ላይ ባለ አራት ክፍል ቤት ሠርቷል» ነው።

ወንድይፍራው፦ ኢንጅባራ የሚል ቃል ከአፍዎ አልወጣም።

ስንሻው፦ እንዴት አይወጣም? የተወለደው እዚያ፣ እኛም የመጣነው ከዚያ። ሌላ የት ሊሠራ ኖሯል?

ወንድይፍራው፦ ልጁ ተቀጥሮ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። እኔስ ሌላ የት ልገምት?

ስንሻው፦ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ይሁን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤቱ ግን ቤት ነው። የመሠረቱን ድንጋይ ልጃችን ይሄነው ራሱ ነው የተሸከመው። ጓሮው ብቻ ይህን ግቢ ሁለት ጊዜ ይውጠዋል።

ወንድይፍራው፦ ቀስ ይበሉ፤ አከራያችን መስኮቱን ከፍተውታል።

ስንሻው፦ ስለ ግቢያቸው ክፉ አልተናገርኩም እኮ።

ወንድይፍራው፦ እንግዳ ሲበዛ አይወዱም። ዛሬም አስፈቅጄ ነው። «ስንት ሽማግሌ ነው የሚመጣው?» አሉኝ፣ «ሦስት» አልኳቸው።

ስንሻው፦ እኛ አራት ነን።

ወንድይፍራው፦ እርስዎን ይዤ የወጣሁት ለምን ይመስልዎታል?

ስንሻው፦ አይ አዲስ አበባ። እሺ ወንድሜ፣ የእኛ ቤት ምን ጎደለው?

ወንድይፍራው፦ ምንም አልጎደለውም። ልጄ ቃልኪዳን የሆስፒታል ፋርማሲ ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋ እዚህ ነው። ይሄነውም እንደዚያው። እዚህ ቤት ከሌለው አይሆንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ለመሆኑ አሁን የት ነው የሚያድረው?

ስንሻው፦ ቱሉ ዲምቱ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል።

ወንድይፍራው፦ ባለ አራት ክፍሉ ሰውዬ።

ስንሻው፦ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው፣ ምን ይደረግ።

ወንድይፍራው፦ የኢንጅባራውን አያከራየውም?

ስንሻው፦ አከራይቶታል እንጂ። የአራቱ ክፍል ኪራይ ተደምሮ የቱሉ ዲምቱን አንድ ክፍል ግማሹን ቢከፍል ነው።

ወንድይፍራው፦ ቢሸጠውስ?

ስንሻው፦ እሱንም ሞከርን። የዚህን አገር ደላላ «በዚያ ገንዘብ እዚህ ምን ይገኛል?» ብንለው፣ «መታጠቢያ ቤት፤ በሩ ለብቻው ይከፈላል» አለን።

ወንድይፍራው፦ ደግ ደላላ ገጥሟችኋል። ለእኔ መታጠቢያ ቤቱንም አላለኝ።

ስንሻው፦ ታዲያ እንደ ሰው ልጅ ተከራይተው ይጀምሩ። የሁለቱ ደሞዝ ሲገናኝ አንድ ክፍል አያቅተውም። ይቅርታዎን፣ እርስዎም እኮ ተከራይተው ነው ልጅ ያሳደጉት።

ወንድይፍራው፦ ልክ ነው።

ስንሻው፦ ታዲያ «እዚህ ቤት ከሌለው» ማለትን ምን አመጣው? በልጁ ላይ የሰሙት ነገር አለ?

ወንድይፍራው፦ የለም። ጨዋ ልጅ ነው። ክፉ ብናገር እግዚአብሔር ይታዘበኛል።

ስንሻው፦ ሌላ የጠየቃት አለ?

ወንድይፍራው፦ የለም።

ስንሻው፦ እንግዲያው ይንገሩኝ። ያን ሁሉ መንገድ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ የመጣሁት ዝምታ ይዤ ለመመለስ አይደለም።

ወንድይፍራው፦ ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት።

ስንሻው፦ የቱን ኪራይ?

ወንድይፍራው፦ የዚህን፣ አሁን የገቡበትን። የእኔ ደሞዝ ለቀለብና ለእናቷ መድኃኒት ነው። የእሷ ከእጇ ሳይውል ለአከራይ ይሄዳል። ባሏ እዚህ ቤት ካለው እሷ ኪራይ የለባትም፣ የእኛን መክፈሏን ትቀጥላለች ብዬ ነበር። ተከራይታ ከወጣች ግን ሁለት ኪራይ ከአንድ ደሞዝ አይወጣም።

ስንሻው፦ ይህን ታውቃለች?

ወንድይፍራው፦ አውቃ አይደል «አባዬ፣ ትንሽ ልቆይ» እያለች ዕድሜዋ የሄደ።

ስንሻው፦ ምነው ይህን ባለፈው ቢነግሩኝ።

ወንድይፍራው፦ ለአማች ሽማግሌ? እንዴት ብዬ?

ስንሻው፦ ኢንጅባራ ኑ። ሁላችሁም። ተከራዮቹን አስለቅቀን ሁለት ሁለት ክፍል ትካፈላላችሁ።

ወንድይፍራው፦ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የማተሚያ ቤት ሰው ነኝ። እዚያ ማተሚያ ቤት አለ?

ስንሻው፦ የሰርግ ካርድ የሚያትም አንድ ሰው አለ። ከወንድሙ ጋር ነው የሚሠራው።

ወንድይፍራው፦ ለቃልኪዳንስ?

ስንሻው፦ ሆስፒታሉን ጠይቀን ነበር። «ክፍት ቦታ ሲኖር» ተባልን። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እኛ ዘንድ ቤት አለ፣ እናንተ ዘንድ ሥራ አለ። ልጆቹ በየትኛው ይውጡ?

ወንድይፍራው፦ እኔን ነው የሚጠይቁኝ?

ስንሻው፦ ማንን ልጠይቅ? ሽማግሌ ተብዬ ተልኬ መላ ሲጠፋኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። በሉ፣ እስከ ፋሲካ ቀጠሮ ይስጡንና እንሂድ።

ወንድይፍራው፦ እስከ ፋሲካ ምን ይመጣል? ኪራዩ ይወርዳል?

ስንሻው፦ አይወርድም።

ወንድይፍራው፦ ባለቤቴ አሰላ እህት አለቻት። ቤቱ የራሷ ነው፤ «ነይ፣ አብረን እንሁን» ስትላት ኖራለች።

ስንሻው፦ ይኸው መላ ተገኘ። ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ።

ወንድይፍራው፦ እኔማ ሥራዬን ለቅቄ በምን ላሳክማት? ማተሚያ ቤቱ የማታ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ማደሪያ አለው። ቀን ማሽኑ ላይ እውላለሁ፣ ማታ በሩ ላይ አድራለሁ።

ስንሻው፦ ይተዉ እንጂ አቶ ወንድይፍራው። ከስንት ዘመን ሚስት ጋር...

ወንድይፍራው፦ ይግቡና ለጓደኞችዎ ይንገሯቸው፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። እነሱ ይጋቡ፣ እኛ እንለያያለን።