በአሮጌው ገመድ ልክ

ክቡራትና ክቡራን፣ የመደብራችን ሥራ አስኪያጅ፣ የሥራ ጓደኞቼ፣ ከቤት ድረስ የመጣሽው ባለቤቴም፤ ይህን የስንብት ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ በትልቁ «ደህና ሁን» ብላችሁ ጽፋችኋል። እንዳልመለስ በክሬም ማስፈረማችሁ ነው።

አንድ ወንበር ግን ባዶ ነው። መደገፊያው ላይ ሹራብ ተሰቅሏል። የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የጥገና ባለሙያችን፣ ሁላችንም ብሎን የምንላት፣ እነዚህን ፊኛዎች ሁሉ በራሷ ትንፋሽ የነፋችው። አሁን ከዚህ ግድግዳ ማዶ ተቀምጣ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ትጠብቃለች። እዚያ እንድትቀመጥ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ለዛሬ የጻፍኩት ንግግር ኪሴ ውስጥ አለ፤ ይህን ሳልናገር እሱን ለማንበብ አፌ እምቢ አለኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዲት አዛውንት መምህርት ዲስኩን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። መስማት ለተሳናቸው ልጆች የምልክት ቋንቋ ያስተምራሉ። ዲስኩ ውስጥ ያለው የወንድማቸው ትምህርት ነው። ወንድማቸው ራሱ መስማት አይችልም ነበር፤ ዓመታት ካሜራ ፊት ቆሞ በእጆቹ አስተምሯል። ዛሬ በሕይወት የለም። ቪዲዮውም ሌላ ቅጂ የለውም። ተማሪዎቹ ደግሞ ነገ ጠዋት ይጠብቃሉ።

በመኪና ያመጣቸው ጎረቤታቸው በር ላይ ቆሞ ልጠብቅዎት ወይ ይላቸዋል። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል ልጄ?»

አዲሱን ዲስክ ከካርቶኑ እያወጣሁ ነበር። ካርቶኑ በሰከንድ አሥር ጊጋቢት ይላል። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነውና ለስምንት አካፈልኩት፤ አንድ ጊጋባይት ከሩብ መጣልኝ። የእሳቸው ቪዲዮ ሰማንያ ጊጋባይት ነው።

«አንድ ደቂቃ ከምናምን እትዬ፤ ሻይዎን ሳይጨርሱ» አልኳቸው።

ጎረቤታቸውን አሰናበቱት። በአውቶቡስ እመለሳለሁ አሉት።

ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ይገባችኋል። ሰው በተቀጠረ ቀን መጀመሪያ የማስጨንቀው በምን ነበር? በዚሁ ምንዛሪ አይደለም? ቢቱን ወደ ባይት መንዝር፣ ከዚያ አዲሱን ተወውና አሮጌውን ገመድ ጠይቅ፤ ገንዳው ቢሰፋ ምን ይጠቅማል፣ ውሃው በቀጭን ቧንቧ ከመጣ? የሒሳብ ክፍሏ እህቴ በእንቅልፏ ሁሉ ለስምንት እያካፈለች ባሏን አላስተኛ ብላ ነበር። እሱ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

የዚያ አሮጌ ዲስክ ጠፍጣፋ ገመድ ጤነኛ ቢሆን እንኳ በሰከንድ ከመቶ ሜጋባይት አያልፍም። ያ ሩብ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ዲስኩ ደግሞ ታሟል። የታመመ ዲስክ በተሳሳተ ቁጥር ማሽኑ ራሱ ፍጥነቱን ዝቅ፣ ዝቅ ያደርግበታል። የዛሬው ሦስት ሜጋባይት ከትንሽ ላይ ደርሶ ቆመ። ሰማንያውን ጊጋባይት በዚህ መንዝሩት፤ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ያውም እስከዚያ ነፍሱ ካልወጣ።

ሳላውቅ ነው? አይደለም። መደብሩ ቶሎ ባዶ እንዲሆንልኝ፣ ኬኩ እንዲቆረጥልኝ ፈልጌ ነው። ሻጭ ነኝ፤ ደንበኛ መስማት የሚፈልገውን ከፊቱ አነባለሁ። ዛሬ ያነበብኩት የራሴን ፊት ነበር።

የመጨረሻው አውቶቡስ ሄደ። መምህርቷ ዲስኩን ትተው አልሄዱም።

የቤታችንን ደንብ ታውቃላችሁ፤ ለደንበኛ ቃል የሰጠ ሰው ቅጂው እስኪያልቅ ከማሽኑ ፊት አይነሳም። ዲስኩ ሲንገጫገጭ ያቆማል፣ ያቀዘቅዛል፣ እንደገና ያስቀጥላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወንበር ስቤ ልቀመጥ ስል ብሎን ትከሻዬን ይዛ ወደ በሩ ገፋችኝ።

«ይሂዱ ጋሼ። ያለ ሙሽራ ሠርግ የለም።»

«ቃሉ የእኔ ነው።»

«ነው። ግን እዚህ ከተቀመጡ አለቀ ወይ፣ አለቀ ወይ እያሉ ያሳብዱኛል።»

እውነቷን ነው፤ ሳቅኩና መጣሁ። የሚቆጨኝ መምጣቴ ነው።

ቅድም ኬክ ይዤ ገብቼ ነበር። መምህርቷ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ብሎን እስካሁን ከተቀዳው አንዱን ከፍታላቸው የወንድማቸው እጆች ስክሪኑ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ምን እያለ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቀስ በሉ፣ የትም አልሄድም እያላቸው ነው» አሉኝ። «ልጆቹ ሲቸኩሉበት ሁልጊዜ እንዲህ ይላቸው ነበር።»

ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ወደዚህ ስመለስ እናንተ አጨበጨባችሁልኝ።

እንግዲህ በኪሴ ያለው ንግግር እዚያው ይቅር። አሁን ሹራቧን ለብሎን ይዤላት እሄዳለሁ፤ እሷ መጥታ በወንበሯ ትቀመጣለች፣ ከኬኩም ትልቁን ቁራሽ ትሰጧታላችሁ። ሲያልቅ መምህርቷን እኔና ባለቤቴ በመኪናችን ቤታቸው ድረስ እናደርሳቸዋለን። ባለቤቴ፣ ይህን የሰማሽው አሁን ነው፤ ቤት ስንገባ ትቆጪኛለሽ። ዲስኩ ካልቆየልን ደግሞ ያንን የምነግራቸው እኔ ነኝ እንጂ ብሎን አይደለችም።

ወዳጆቼ፣ እጃችሁ የነካው ሁሉ ይዳን። ልጆቻችሁ ከእናንተ ይብለጡ። ደንበኛ ደጃችሁን አይርሳው። የምትሰጡት ቃል በአሮጌው ገመድ ልክ ይሁን፤ ከቃላችሁ ቀድማችሁ ብትደርሱ የሚከሳችሁ የለም። ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ፤ የሒሳብ ክፍሏ እህቴ፣ ባልሽንም ጭምር ነው።

በሉ፣ ሙዚቃውን ክፈቱ። ድምፁን ግን ዝቅ አድርጉት፤ ማዶ ሆኜ ዲስኩ ሲንገጫገጭ መስማት አለብኝ።