ከድሉ በፊት የተደፋ አኻያ

ሄስተር፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ እዚያ በሩ ጋ ነፋስ አለ። ሰኔ ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ የካም ወንዝ ብርድ ወር አይመርጥም። በጉን ቀመስሽው? ዘንድሮ የኮሌጁ ወጥ ቤት እጁን ፈቷል፤ እንጆሪው ከነክሬሙ ገና ይመጣል አሉ። ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ብዬ? ከጀርባችን የተቀመጡት የራሳችን ሰዎች አይደሉም እንዴ... ቢሰሙስ? ሰው ላመሰግን እኮ ነው።

ሰማሁ። ከእራት በኋላ የከርሞ የአንደኛ ጀልባችን መሪ ሲመረጥ፣ አንቺ «እኔ ይቅርብኝ» ልትዪ ነው አሉኝ። ለዘንድሮው መሪያችን፣ ለእሳቸው አዝነሽ። ስም አልጠራም፤ እንደሳቸው ያለ ሰው በስሙ ይጠራል? ደግ አደረግሽ። ሁለተኛውን ጀልባ ይዘሽ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ማንም ሳይደርስብሽ መመለስሽ ምን ቁም ነገር አለው? መሪነት እንደሱ ነው እንዴ...

እሳቸውን እኮ የምወድላቸው ጥንቃቄያቸውን ነው። ዛሬ ጠዋት ሌላው ሰው መቅዘፊያውን ሲወለውል፣ እሳቸው ወንዙ ዳር ወርደው አኻያ ቆረጡ፤ ጉንጉን ሠርተው መቀመጫቸው ሥር ሸጎጡት። ሦስት ቀን ሙሉ በየቀኑ የፊታችንን ጀልባ ነክተን፣ እንደ አሸናፊ ወጉ ቅጠል ደፍተናል አይደል? ዛሬ በመጨረሻው ቀን ስንነካ፣ ቅጠል ፍለጋ እንዳንጉላላ ብለው ነው። እንዲህ የሚያስብልሽ ሰው ከየት ይገኛል? ሌላው መሪ የሚያስበው ስለ ወንዙ መታጠፊያ ብቻ ነው፣ ሞኝ።

ወንዛችን እንደምታውቂው ጠባብ ናት፤ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን አታሽቀዳድምም። ፊትና ኋላ ተሰልፈን ነው የምንነሳው፤ የፊተኛውን ደርሶ ነካ ከማድረግ በቀር ማሸነፊያ የለም። እኛም የብሪድ ኮሌጅን አሳደድን፣ አሳደድን፣ የጀልባችን አፍንጫ ከጭራቸው ጎን ገባ። የቀረን አንድ ክንድ ነበር። አንድ ክንድ ምን አላት ብለሽ ነው... እኛ ቀዛፊዎቹ እንደሆነ ፊታችን ወደ ኋላ ነው፤ የፊቱን የሚያይልን መሪው ነው። እሳቸው አዩልን። ፊታቸው በራ፣ «አቁሙ፣ ነክተናል» አሉን። አቆምን፤ ምን ይደረጋል?

እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። ጎንበስ ብለው ጉንጉናቸውን አወጡና ደፉት። አማረባቸው፣ ሐሰት አልናገርም። የብሪድ ልጆች እኛን እያዩ፣ እየሳቁ፣ እየቀዘፉ ሄዱ። ከኋላችን የነበረው ጀልባ ግን አልሳቀም፤ መጥቶ ገጨን። እሳቸውም ምን የመሰለ ጨዋነት ነው... ቅጠሉን ሳያወልቁ እጃቸውን አንስተው መነካታችንን አመኑ። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ያወልቅ ነበር። ዳር የቆመው ሕዝብ እንዴት እንዳጨበጨበ ሰምተሻል?

ያ ስማችን በወርቅ ቀለም የሚጻፍበት መቅዘፊያ ቀረብን እንግዲህ። በየቀኑ ለነካ ብቻ ነው የሚሰጠው። እንጨት ነው፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ... ከዚያ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። አይ ሄስተር፣ እጄን አትያዢኝ፣ መልሼ አለቅሳለሁ። ከርሞ የመጨረሻ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወንዝም መቅዘፊያም የለም። እሳቸው ግን በሩን አንኳኩተው አጽናኑኝ እኮ። «ዊኒፍሬድ፣ በመንፈስ ነክተናል» አሉኝ። ይሄን የመሰለ አንደበት ያለው ሰው ጀልባ ላይ መባከኑ አያሳዝንም?

ዞር ብለሽ አትዪ፣ እሳቸውም ከጀርባችን ናቸው። ጆሯቸው ቀላ? ወይኑ ይሆናል፤ ዛሬ ወይኑ ጠንካራ ነው።

እና አንቺ ከፈለግሽ እዘኚላቸውና እጅሽን አጣጥፈሽ ቁጭ በዪ። ከርሞ እኔ እዚያው ቦታ ተቀምጬ፣ ለፊተኛው ጀልባ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ «ነካን ወይስ አልነካን» እያልኩ ፊታቸውን ሳነብ እኖራለሁ፤ ምን ቸገረኝ... አይ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይቸግረኛል። ስለዚህ ስምሽ ሲጠራ ዝም ትዪና እኔ እጄን አወጣልሻለሁ። ሌሎቹ ቀዛፊዎችም ያወጣሉ፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

እሳቸው ይከፋቸዋል ብለሽ አትጨነቂ፣ ከጸሎቴ አይጎድሉም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፤ ችሎታቸውን የሚያውቅላቸው ሌላ ኮሌጅ አግኝተው፣ ከርሞ አንደኛ ጀልባውን በክብር ያስረክቧቸው፤ ያ ጀልባም ሁልጊዜ ልክ ከእኛ ፊት የሚነሳው ይሁን። አሜን በይ እንጂ፣ ሄስተር።