የቀኝ ትከሻ ቀዳዳ

ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ዓይኑ ነው ይባላል፤ ጉልበቱ ነው የሚሉም አሉ። እማማ መርፌን ብትጠይቋቸው ግን ሁለቱም ውሸት ነው ይሏችኋል። መጀመሪያ የሚጠፋው ሰውዬው ራሱ ነው፤ በቁሙ እያለ አይታይም። በዚያ ሳምንት የልጅ ልጃቸውን ጉዳይ ይዘው ሦስት ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው ሦስት ጊዜ እንደሄዱ ተመልሰዋል። በመጀመሪያው ቀን ዘበኛው "ወላጅ ይምጣ" አላቸው፤ የሞተች እናት ከመቃብር ትጠራ ይመስል። በሁለተኛው ቀን ጸሐፊዋ "መፈረም ይችላሉ?" ብላ ጠየቀችና አውራ ጣታቸውን ሲያሳዩዋት፣ "እንግዲያው የሚያነብ ሰው ይዘው ይምጡ" ብላ መስኮቷን ዘጋች። ሦስተኛው ቀን ግን ከሁሉም ባሰ። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ዳይሬክተሩ መጣ፤ እግሩን ከጎናቸው ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የጫማውን ክር አሰረና ቀና ሳይል ሄደ።

"ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" ይላሉ እስከ ዛሬ። "የሚሰደብ ሰው ቢያንስ ታይቷል።"

መርፌ ያሰኛቸው ሙያቸው ነው የሚሉ አሉ። የሚያውቋቸው ግን ምላሳቸው ነው ይላሉ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወትና ልብስ የሚለካበት መጋረጃ አሏቸው። የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ልብሱ ጉልበቱ ላይ ሲቀደድም፣ ብብቱ ሲተረተርም እሳቸው ዘንድ ይመጣል። እንዲህ ከበር የመለሷቸው ደግሞ እናቷ ሞታባት ባሳደጓት የልጅ ልጃቸው ጉዳይ ነበር። ልጅቷ አምስተኛ ክፍል ናት። ሁለት ጊዜ ከክፍሉ መጨረሻ ወጥታለችና ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ጉባኤ ተቀምጦ ከትምህርት ቤቱ ሊያሰናብታት ነው። ወረቀቱን ያነበበላቸው ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታቸው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሞት መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የስፌት ቤቱ በር ጨለም አለ። ቀና ሲሉ አንድ ወጣት ደብተሩን ከመቀመጫው ላይ ለጥፎ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ በጎኑ እየተራመደ ገባ።

"እማማ፣ በአስቸኳይ የሚሰፋ ሱሪ ነበረኝ።"

"የታለ?"

"ለብሼዋለሁ። የአጥሩ ሽቦ ያዘኝ።"

እማማ መርፌ አወቁት። የልጅቷ የክፍል አስተማሪ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በደጃቸው ሲያልፍ አይተውታል፤ እሱ ግን አይቷቸው አያውቅም። አንሶላ አቀበሉትና መጋረጃው ጀርባ ሄዶ እንዲያወልቅ አዘዙት። ሱሪውን በመጋረጃው በላይ ሲወረውርላቸው ተቀብለው ጭናቸው ላይ ዘረጉና፣ መርፌም ክርም ሳያነሱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

"እማማ፣ አልጀመሩም እንዴ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለብኝ።"

"አውቃለሁ። ልጄን ልታባርር ነው።"



"የእርስዎ ልጅ የትኛዋ ናት?"

"ጥግ የምታስቀምጣት። ቀለም አይዘልቃትም ብለህ የጻፍክባት።"

"እንደዚያ ብዬ አልጻፍኩም። 'ለመማር የሚያበቃ ዝግጁነት አይታይባትም' ነው ያልኩት።"

"ይኸው ነው። የተማረ ሰው ስድቡ ይረዝማል።"

"እማማ፣ ሱሪዬን ይስጡኝ።"

"አልከለከልኩህም። እንደ ቀዳዳው ሂድ። ዳይሬክተርህ ከፊት ያይሃል፣ መንገደኛው ከኋላ።"

አስተማሪው ከመጋረጃው ጎን ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። ልጅ እግር ነው፤ ፊቱ ክፉ ሰው አይመስልም። ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ብዙ በደል የሚሠራው እንዲህ ባለ ደግ ፊት ነው።

"ያዳምጡኝ እማማ" አለ በትሕትና። "ክፍሌ ውስጥ ሰባ ልጆች አሉ። አንደኛ የወጣ ፊት ይቀመጣል፣ የመጨረሻው ኋላ ጥግ ይቀመጣል። ይህን እኔ አላመጣሁትም፤ እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት። አንድ ዘመን ከኋላ ረድፍ ነበርኩ። አፍሬ፣ እልህ ይዞኝ፣ እያጠናሁ ወደ ፊት መጣሁ። ወንበሩ ልጁን ያተጋዋል። የማይተጋ ከሆነ ግን ምን ላድርገው?"

"ጥጉ ላይ ነበርክ? ግድግዳው ሥር?"

"ጥጉ ላይ እንኳ አልነበርኩም፤ ከኋላ መሐል።"

"እሺ።" እማማ መርፌ ተነሡና ከሳጥን ውስጥ አንድ የተማሪ ሸሚዝ አውጥተው ወረወሩለት። "ያዝ። ምን ታያለህ?"

"ቀዳዳ።"

"የቱ ጋ?"

"ትከሻው ላይ። ቀኝ ትከሻው።"

"ይህንንስ?"

"ይሄም ቀኝ ትከሻ ነው።"

ሦስተኛውን ወረወሩ፤ አራተኛውን ደገሙ። አስተማሪው አንሶላውን በአንድ እጁ እንደያዘ ሸሚዞቹን ክንዱ ላይ ደረደራቸው። አራቱም እዚያው ቦታ፣ ከስፌቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብለው፣ በአሸዋ ወረቀት እንደተፈገፈጉ ያህል ሳስተው ተበስተዋል።

"የአንድ ልጅ ናቸው?"

"የአራት ልጆች ናቸው፤ የአራት ዓመት። ልጁ ሲባረር እናቱ ሸሚዙን ለታናሹ አጥብቢልኝ ብላ ታመጣዋለች፤ አንዳንዷ ደግሞ ዓይኔ አይየው ብላ ጥላው ትሄዳለች። እነዚህ የተጣሉት ናቸው።"

አስተማሪው አንዱን ሸሚዝ አገላብጦ አየ። አንገቱ ላይ ከሌሎቹ የተለየ ቡናማ ቁልፍ አለው።

"ይሄ የሳቂታው ነው" አለ ቀስ ብሎ። "አንድ የሚስቅ ተማሪ ነበረኝ። አሁን የት ነው?"

"ድንጋይ ይጭናል። አሁን አይስቅም።"

አስተማሪው ሸሚዙን ከሌሎቹ ጋር አጠፈና፣ "ግድግዳ ይደገፋሉ እኮ እማማ" አለ። "እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይደገፋል። ልጆቹ ራሳቸው 'መኝታ ቤት' ነው የሚሉት። ስንፍና ነው።"

"አራት ሰነፍ በአንድ ትከሻ? ከአራት ቤት መጥተው፣ ሳይተዋወቁ፣ ስንፍናቸውን አንድ ቦታ ላይ ሰፉት?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ፊደል የቆጠርክ አንተ ነህ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?"

"አስተማሪ እዚያ አይቀመጥም።"

እማማ መርፌ ከዚህ በኋላ ነው ክር ያስገቡት። ሱሪውን በዝምታ ሰፉ፤ አሰፋፋቸው ግን ያው የወትሮው ነው፣ ቂማቸውን በስፌት አይወጡም። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው አራቱን ሸሚዞች ጠቀለሉና፣ "ልበስ፤ አብረን እንሄዳለን" አሉት።

ፈተና አልቆ ስለነበር ግቢው ውስጥ ተማሪ የለም። ዘበኛው እማማ መርፌን አይቶ አፉን ሊከፍት ሲል አስተማሪውን ከጎናቸው አየና መልሶ ገጠመው። ክፍሉ ረጅምና ጨለምለም ያለ ነው። ጣሪያውን ከኋላ በኩል አንድ ወፍራም የሲሚንቶ ምሰሶ ደግፎታል፤ ጥጉ ከምሰሶው ጀርባ ነው። ግድግዳው ያልተለሰነ፣ ሸካራ ነው። ከትከሻ ከፍታ ላይ ግን አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ለስልሶ ያብለጨልጫል።

አስተማሪው ጉልበቱን አጥፎ የልጅ ዴስክ ውስጥ ገባ። እማማ መርፌ ፊት ለፊት ሄደው ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሙ። እሳቸው እዚያ ቆመው አያውቁም።

"ምን ይታይሃል?"

"ምሰሶው።"

"እኔስ?"

"አይታዩኝም።" ወደ ግራ ዘመመ፤ አልሆነም። ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ዘመመ፤ በመጨረሻ ቀኝ ትከሻው ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ የሰሌዳው ግማሽና የአሮጊቷ ግማሽ ፊት ብቅ አሉ። ለስላሳው ቦታ ትከሻው ሥር ነበር።

"ቀጥ ብለህ ተቀመጥ" አሉት እማማ መርፌ።

ይህ የሱ የራሱ ቃል ነው። ልጅቷ ቤት ስትገባ፣ ዛሬ አስተማሪሽ ምን አለ ሲሏት፣ ሁልጊዜ የምትነግራቸው ይህንኑ ነበር። አስተማሪው ቃሉን አወቀው። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ምሰሶውም ሰሌዳውንም ሴትዮዋንም ዋጣቸው።

ከምሰሶው ጀርባ ድምፁ ብቻ መጣ።

"በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እላት ነበር። አንዳንዴም እቆጣ ነበር። ለምን አልነገረችኝም?"

"ነግራኝ ነበር። 'ከኋላ አይታየኝም' ስትለኝ፣ ሰነፍ ምክንያት አያጣም አልኳት። እኔ ያላመንኳትን አንተ ልታምናት?"

አስተማሪው ከዴስኩ ወጥቶ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እኔ ተምሬ ያላየሁትን እርስዎ ሳይማሩ አዩ። እውነተኛው ትምህርት የእርስዎ ነው እማማ። ልጅቷም ብትሆን የእጅ ሥራ ከእርስዎ ብትማር አትወድቅም፤ ሙያ ራሱ ትምህርት..."

"አታቆላምጠኝ" አሉት። "ትናንት ደንቆሮ፣ ዛሬ ጠቢብ። ሁለቱም ከበር መመለሻ ነው። ልጄን ወደ ጓዳ ልትልክልኝ ማር ትቀባኛለህ? አለመማርን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቀኝ።"

ፊተኛው ዴስክ ላይ፣ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ቦታ ላይ፣ ተቀመጡ።

"የዚህን ቀዳዳ መጀመሪያ የጣፍኩት ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ነው። የወንድ ልጄ ነበር። ልብስ ጨራሽ ብዬ መታሁት። ጣፍኩለት፣ ተቀደደ፤ ደግሜ መታሁት። የዚያን ጊዜው አስተማሪ 'ድንጋይ ራስ ነው' ሲለኝ አመንኩት፤ ሰውዬው መነጽር ነበረው። ልጄም አመነን። አሥራ አምስት ሲሞላው ሄደ። ከዚያ በኋላም ቀዳዳው በሌላ ልጅ ትከሻ ይመጣል፣ እጥፋለሁ። ይመጣል፣ እጥፋለሁ። አንድ ነገር እንዳለ እጄ አውቆታል። ግን በዚያ ቤት ፊደል የቆጠሩ ሰዎች አሉ፣ ክፉ ነገር ቢኖር እነሱ ያዩት ነበር፣ እኔ ማን ነኝ እያልኩ አፌን ያዝኩ። ዘንድሮ የገዛ ልጄ ልጅ ትከሻ ሲቀደድ ነው የተጣሉትን አውጥቼ ጎን ለጎን የደረደርኳቸው። ገባህ? አለመማር ማለት አለማወቅ ብቻ አይደለም። ያወቁትን ይዞ ከበር መመለስ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ተመለስኩ።"

"እኔ ግን በሩ ውስጥ ነበርኩ" አለ አስተማሪው።

"አንተማ የባስክ ነህ። እኔ አይቼ አልተናገርኩም፤ አንተ ተናግረህ ተናግረህ አላየህም። ቁጥርና ፊደል ብቻ ጭነውህ ነው የላኩህ። ትምህርት ማለት ልጁ አልገባኝም ሲል ወርዶ ልጁ ካለበት ቦታ መቀመጥ ነው። ልጁም አይታየኝም ለማለት እንዳይፈራ ማድረግ ነው። ይህን ካላስተማርክ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ስንት እንደሆነ ማወቅ ለማን ይበጃል?"

አስተማሪው የተጠቀለሉትን ሸሚዞች አንሥቶ ክንዱ ላይ ደረደራቸው። የተማረ ሰው ሲሸነፍ ብዙውን ጊዜ ወሬ ያበዛል፤ ይህኛው ሸሚዝ ማንሣቱን እማማ መርፌ በልባቸው መዘገቡለት።

በዘጠኝ ሰዓት አብረው ገቡ። ዳይሬክተሩ ዛሬ አያቸው፤ አራቱን ሸሚዞች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ሰው እንዴት አያይ። "ለአንድ ዴስክ ብለን የትምህርት ቤቱን ደንብ እንቀይር?" ብሎ ተከራከረ። አስተማሪው ያንኑ ዴስክ ሄዶ እንዲቀመጥበት ለመነው። ሄደ፤ ሲመለስ የኮቱን ቀኝ ትከሻ አቧራ እያራገፈ ነበር። ልጅቷ እንድትቆይ ተወሰነ። ጥጉ ባዶ ሆነ፤ በደረጃ መቀመጥ ቀርቶ ረድፉ በየሰኞው እንዲዟዟር ተስማሙ።

ይህ ለውጥ ምን እንዳመጣ መናገር ተገቢ ነው። የፊት ረድፍ ልጆች ወላጆች አኮረፉ፤ ማኩረፋቸው ወንበሩ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው መሰከረባቸው። ወንበሩ ሲዟዟር፣ ጎበዝ ይባል የነበረ አንድ ልጅ ከኋላ ሲሆን ማንበብ አቃተውና ዓይኑ ደካማ መሆኑ ታወቀ። ለወራት ድምፅ ያልነበራት ልጅ ፊት ስትቀመጥ ጥያቄ ጠየቀች። የእማማ መርፌ የልጅ ልጅም አንደኛ አልወጣችም፤ መሐል ገባች። መሐል ለሷ ብዙ ነው።

አስተማሪው አዲሱ ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ የልጅቷን ውጤት ይዞ፣ ፊቱ በርቶ ስፌት ቤት መጣ። ጮክ ብሎ አነበበላቸው። እማማ መርፌ የመኪናውን መርገጫ ሳያቆሙ ሰሙት።

"ደስ አላለዎትም፣ እማማ?"

"ብሎኛል። ተቀመጥ።" መኪናውን አቆሙ። "ብዕር ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"ያ የሄደው ወንድ ልጄ ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ተሸካሚ ነው፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ያውቀዋል፣ ወረቀቱን ያደርስልኛል። እሱ አያነብም፣ እኔ አልጽፍም። ፊደል የማያውቁ ሁለት ሰዎች በምን ይገናኛሉ? በአንተ ነው የምንገናኘው።"

"ምን ልበልለት?"

"ምሰሶው ነበር በለው። ድንጋይ ራስ አልነበርክም፣ ምሰሶው ነበር። ተቀምጬበት አይቻለሁ ብለህ ስምህን ጻፍ፤ ማዕረግህንም ጻፍ፣ እንዲያምን። እናትህ በቀዳዳው ስትመታህ ተሳስታለች በለው። ያቺ ሴትዮ ይቅርታ አታውቅም ይል ይሆናል፤ ያኔ አታውቅም ነበር በለው።"

አስተማሪው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ።

"ሌላ ሰው ነው የሚያነብለት" አሉ እማማ መርፌ፤ "ምናልባትም ሰው በተሰበሰበበት። ስለዚህ እሱን የሚያሳፍር አንዲት ቃል እንዳታስገባ። እኔን የሚያሳፍረውን ግን አንዱንም እንዳታስቀር። ጻፍ።"