ዶላሩ ግንባሩ ላይ

ስሙኝማ! እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ የማስተናግድበት የሐበሻ ምግብ ቤት፣ እሁድ እሁድ ሽሮ የሚበላ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ዘፋኝ አለ። ሰፈሩ እዚሁ ነው፤ የሚዘፍነው ግን አንዴ ጃፓን፣ አንዴ ጀርመን። "እዚህ ለምን አትዘፍንም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እዚህ እኔ ስዘፍን ሰው ስልኩን ያያል፤ እዚያ አብሮኝ ይዘፍናል" አለኝ። "እስቲ ዛሬ እኛን ሞክረን!" ብዬ ኪቦርድ ተጫዋቻችን ጋ ጎትቼ አቆምኩት።

ኧረ ድምፅ! ቤቱ በአንዴ ጸጥ አለ። ይሄኔ ራቅ ካለው ከቫን ናይስ ሰፈር ድራይቭ አድርገው የሚመጡት ደንበኛችን ጋሼ ታደሰ፣ እስክስታ እየወረዱ ሄደው ዶላር ግንባሩ ላይ ልጥፍ! ዘፈኑ ቆመ። እኔ ክው አልኩ። "ጋሼ፣ ምን ነካዎት? አሜሪካዊ እኮ ነው፣ ይቀየመናል!" ብላቸው፣ "ታዲያ አልዘፈነም?" አሉኝ ፍርጥም ብለው። ወደ ዘፋኙ ዞሬ እየተንተባተብኩ፣ "እኛ ዘፋኝ ሲያስደስተን እንዲህ ነው የምንሸልመው" አልኩት። ዶላሩን በጣቱ ነካ አደረገው፤ ግን አላነሳውም። እንደተለጠፈ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረው! ትሪዬን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፣ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ መጣና፣ "እኔ ሞኙ" አለኝ፣ "ይሄን ፍለጋ ስንት ባሕር ተሻገርኩ! ለካስ ከቤቴ ሁለት ብሎክ ነው!"