የሐማ ጆሮ አበላል ሕግ

— ሄሎ? … ሄሎ! … ማን ልበል? … አይሰማኝም፤ ውጭ ያሉት ልጆች ጥሩንባ ይነፋሉ። ቆይ፣ መስኮቱን ልዝጋው። … እህ፣ አሁን። ማን ልበል?

— ዘልማን! ዘልማንዬ! እንኳን ለፉሪም በዓል አደረሰህ፣ ልጄ። … አሜን፣ አሜን። … ኦሽራ? የለችም እኮ፣ ሆስፒታል ናት። በበዓልም ሰው ይታመማል፣ ምን ይደረግ። ማታ ትመጣለች። ነርስ ላገባ ነው ካልክ ከአሁኑ ልመደው።

— ድምፅህ ምን ሆኗል? ጉንፋን ነው? … ታዲያ ለምን ትንሾካሾካለህ?

— እናትህ? እናትህ ምን ሆኑ? … ክፍላቸውን ቆልፈው? … ያለቅሳሉ? ኧረ በፉሪም ማልቀስ ነውር ነው! ማን ሞተ? በል ንገረኝ፣ ነፍሴን አታስጨንቃት!

— እ… ለበዓል የላኩልኝ ሰሃን። … አዎ። አዎ፣ እኔ ነኝ የመለስኩት። … ሳልነካው ነዋ! በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ ለዚያው ላመጣው ለአጎትህ። ለበዓሉ ንጉሥ መስሎ፣ ዘውድ ደፍቶ ደጄ ላይ ቆሞ «ንጉሡ መብል ልኮልሻል» አለኝ። ንጉሥም ቢሆን ሕግ ሕግ ነው አልኩ። በሆዴ ነው ታዲያ! አፌን አልከፈትኩም። መናገር አይፈቀድም።

— እንዴት «የምን ሕግ»? … አንተ ቀን ከሌት መጽሐፍ ላይ የተደፋህ ልጅ እኔን «የምን ሕግ» ትለኛለህ? የሐማ ጆሮ፣ የዚህ የፉሪም ብስኩት፣ አበላል ሕግ ነዋ! ትናንት መጽሐፈ አስቴር ተነቦ ስንወጣ፣ ምኩራቡ ደጃፍ ላይ በወረቀት የታደለው። ላንተ አልደረሰህም?

— … ዘልማን? ትሰማኛለህ? … ሄሎ? … እህ፣ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ምን አልክ?

— ማን አነበበልኝ? ማንም! ራሴ ነኝ ያነበብኩት፣ ከላይ እስከ ታች። … በማታው ትምህርት ነዋ። አስተማሪያችን ለበዓል ስትለቀን «እጃችሁ የገባውን ወረቀት ሁሉ አንብቡ» አለችን። እጄ የገባው ይሄ ነው። ከጧት ጀምሮ ጣቴን ሳላስደግፍ ሁለቴ ተወጣሁት። … አዎ፣ ጎበዝ ነኝ። ተመስገን ነው።

— እትዬ ሉና፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ። ጠጪ እንጂ። … ምንም አይደለም፣ የኦሽራ እጮኛ ነው፤ ስለ ሕጉ እየተጨዋወትን ነው።

— ላንብብልህ? ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። አታጣድፈኝ ብቻ። «ሕግ አንድ። የሐማ ጆሮ… ሦስት ማዕዘን አለው። አንደኛው ማዕዘን በዝምታ ይበላል፤ ሁለተኛው በምስጋና፤ ሦስተኛው ሰው ሳያይ።» እንዲሁ ነው ያደረግነው። ሦስተኛውን ባለቤቴ በረንዳ ላይ በላ፣ እኔ ልብስ ማጠቢያው ጋ ተጎንብሼ።

— አትሳቅ! … እየሳቅክ አይደለም? ታዲያ ምንድነው እንዲህ የሚያቃትትህ? … እሺ፣ ስማ። «ሕግ ሁለት። ፍርፋሪ ጢሙ ላይ የወደቀበት ሰው እስከ ቂጣ በዓል ካላራገፈው፣ እርሾ የነካው ነገር ሁሉ ለባዕድ እንደሚሸጥ፣ ጢሙም እንዲሁ ይሸጥ።» ይሄኛው አስደንግጦኛል፣ አልዋሽህም። ባለቤቴን ሳሶንን ታውቀዋለህ፤ ጢሙ እምብርቱ ይደርሳል። ያንን የሚያህል ጢም ማን ይገዛዋል? እሱ ራሱ ፈርቶ ይኸው ከጧት ጀምሮ በረንዳ ላይ በማበጠሪያ እያራገፈ ነው። … ሳሶን! በቃህ፣ ግባ! … አይሰማም።

— ሦስተኛው ነው የናንተን ሰሃን የሚመለከተው። «ቸኮሌት የተሞላ የሐማ ጆሮ የሐሰት ምስክር ነው፤ ሐማ በዘመኑ ቸኮሌት አይቶ አያውቅምና። እንዲህ ያለው ጆሮ ከደጅ አይለፍ፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ያለ አንዳች ቃል፣ ወደ ላከው ሰው ይመለስ።» ክዳኑን ባነሳው ምን አያለሁ? ቸኮሌት! ምናልባት ሕጉ ለእናትህ አልደረሳቸው ይሆናል አልኩ። ብቀበለው ሁለታችንም በደለኞች መሆናችን ነው። ለሳቸውም አስቤ ነው፣ ዘልማን!

— ምን? … ድገመው። … እናንተ ዘንድ ሙሉ ሰሃን የመለሰ… ልጄን አልሰጥም ማለቱ ነው?

— ኧረ አላልኩም! ኧረ በአምላክ! አዳራሽ ለሰኔ ተይዞ፣ ቀሚሷ ተሰፍቶ ቁም ሳጥኔ ላይ ተሰቅሎ እያየሁት! በየቀኑ ነው የማየው፣ አቧራ ነካው ብዬ! … አባትህስ? … የበዓሉን የአንበሳ ልብሳቸውን አውልቀው ጥቁር ኮታቸውን ለበሱ? … «ሰሃኑ ተናግሯል» አሉ? … እትዬ ሉና፣ ወንበሩን ወደዚህ ግፊልኝ።

— እትዬ ሉና ናት፣ የታች ጎረቤታችን። … አዎ፣ ያችው። የማሰጣው ልብስ ውሃ እቃዋ ላይ እየተንጠባጠበ ተጣልተን፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳ ግድግዳውን እያየን የምናልፈው። … ማን ያስታርቀናል? ሕጉ ነው እንጂ። ሕግ አራት፤ «ሦስት ጆሮ የበላ ሰው አራተኛውን ይዞ፣ በዚያው ደረጃ ሰላም የማይላትን ጎረቤቱን ደጅ ያንኳኳ፤ እሷ ሳትቀምስ የበላው ሁሉ አይቆጠርለትም።» እኔ ደግሞ ሦስተኛውን ውጬ ጨርሻለሁ። ምን ላድርግ? ወረድኩ። አንኳኳሁ። ወረቀቱንም ይዤ ነበር፣ በራሴ የመጣሁ እንዳይመስላት።

— እና አሁን ምን ይሻለናል? ለረቢው ልደውል? እሳቸው ሕጉን ለእናትህ ቢያስረዱ… ለምን አይሆንም? … ረቢው አያውቁትም? ታዲያ ማን ነው ያወጣው?

— ማን? … አንተ?

— አንተ ስትል… ከመጽሐፍ ገለበጥከው ማለትህ ነው? … ከየት? … ከጭንቅላትህ? … ማኅተሙስ? «የታላላቅ ረቢዎች የማዕድ ሸንጎ» የሚል ክብ ማኅተም አለበት እኮ! … ድንች? ማኅተሙን በድንች?

— ታች? ታች ምን አለ? … ኧረ ጽሑፍ የለም፣ መስመር ነው ያሰመርክበት። ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። … ፊደል ነው? … እትዬ ሉና፣ መነጽሬን፣ እዚያ ዳቦው አጠገብ። … አትንገረኝ! አንድ ቃል እንዳትነግረኝ፤ ራሴ አነበዋለሁ። «ይ…ህ… ሁሉ… የፉ…ሪም… ቀል… ቀልድ… ነው። እው…ነት… የመሰለው… ሰው… ካለ… አንድ… ጆሮ… ይጨ…መር…ለት።»

— አለሁ። … አለሁ አልኩህ። ተቀምጫለሁ።

— ቸኮሌቱን ለምን ጻፍከው፣ ዘልማን? ሌላ የሚጻፍ ጠፍቶ? … አንተ ጥቁር ፍሬ የተሞላውን ስለምትወድ? … እናትህ ደግሞ በየዓመቱ ቸኮሌት ስለሚሠሩ… እሳቸውን ለማብሸቅ! የገዛ እናትህን! … «ያነባሉ፣ ይስቃሉ» ብለህ ነው? ይኸው ሳቁልህ! በር ቆልፈው እየሳቁልህ ነው!

— እኔ ለምን አመንኩ? ልንገርህ? አትቆጣ ብቻ። እናንተ የመጽሐፍ ሰዎች ናችሁ። አያትህ ረቢ፣ ቤታችሁ ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ። ለሽምግልና የመጣችሁ ጊዜ አባትህ የጸሎት መጽሐፍ ሲሰጡኝ ገልብጬ ነው የያዝኩት። ማንም ምንም አላለም። ኦሽራ ግን ቀስ ብላ እጄ ላይ አቃናችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ማታ ማታ መማር የጀመርኩት። «ሕግ ከማታውቅ እናት ልጅ ወሰድን» እንዳትሉብኝ ብዬ። ይህን ወረቀት ሳነብ ደስ አለኝ። አሁንስ የሚያውቁትን አወቅሁ አልኩ። … ተው፣ ይቅርታህን አሁን አልፈልገውም። እናትህን ጥራልኝ።

— እንዴት? … እየሰሙ ናቸው? … ከመቼ ጀምሮ? … ስልኩን በሩ ሥር አስቀምጠህ፣ ድምፁን ለቀህ? ለዚያ ነው የምትንሾካሾከው? ሁሉንም ሰሙ? ማጠቢያው ጋ ተጎንብሼ የበላሁትንም? … ወይ ጉዴ! ወይ የኔ መዋረድ!

— ወይዘሮ ጊትል… እንደምን ዋሉ? … እንኳን አደረሰዎ። … ይቅር ይበሉኝ፣ ሰሃኑን… እ? ምን አሉኝ? … አዎ፣ በእርስዎ ቸኮሌት ላይ ነው የጻፈው። እኔም አሁን ነው የሰማሁት። … «እናቴ፣ እንደ አንቺ የሐማ ጆሮ የሚሠራ የለም» ይልዎት ነበር? … በየዓመቱ? እየበላ? … አያችሁት ይሄን ልጅ!

— አይ፣ ወይዘሮ ጊትል፣ በማማሰያው አይሆንም። ሙሽራ ነው። ለሰኔ ፎቶ አለብን፤ ፊቱን ይተዉለት። … ዘልማን፣ ወደዚያ ራቅ ብለህ ቁም!

— ምን ሆኑ? … እያለቀሱ ነው ወይስ… እየሳቁ ነው? … «ድንች» አሉ? አዎ፣ በድንች! ማኅተሙን! … ኧረ ይሳቁ፣ ይሳቁ፣ እኔም ልተንፍስ። … የኔ ልጅ የእርስዎ ልጅ ናት፤ ሺህ ሰሃን ቢመለስ እሷ አትመለስም። ለባለቤትዎም ይንገሩልኝ፣ የአንበሳ ልብሳቸውን መልሰው ይልበሱ።

— ይቆዩኝ አንዴ። … እትዬ ሉና፣ ሰማሽው መቼም። ቀልድ ነበር። ጧት እንደዚያ አድርጌ በርሽን የመታሁት… ምን ያስቅሻል? … ምን? … ታውቂ ነበር? … በሩ ላይ ሳሳይሽ አነበብሽው? ደቃቋን ጽሑፍም? … ያለ መነጽር! … እና እያወቅሽ ነው ቁጭ ብለሽ የምትበዪው? ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?

— አለሁ፣ ወይዘሮ ጊትል። አልተቋረጠም። … ምን መለሰች? «ስድስት ዓመት ሙሉ በሬን የሚያንኳኳ ጠፍቶ፣ ቀልድ ነው ብዬ ልመልስሽ ኖሯል?» ነው ያለችኝ። … እኔም ሻይ ጨመርኩላት። … አዎ። … አዎ፣ ይዣት እመጣለሁ። እሷም እሺ ትላለች፤ መጎናጸፊያዋን እየፈለገች ነው።

— ሰሃኑ እዚያው ይቆይ። የተሸፈነበትን ጨርቅ ማንም እንዳያነሳው፤ እኔ መጥቼ ነው የማነሳው። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ማዕዱም ሳይነሳ እንደርሳለን። የኔን በተምር የተሞላውንም ይዤ እመጣለሁ። ኦሽራን በዚያው እንድትመጣ እነግራታለሁ። … ዘልማንን ይስጡኝ አንዴ።

— ዘልማን? እስክሪብቶ ያዝ። … ከየትም አምጣ። … ያዝክ? ጻፍ እንግዲህ፤ በትልቁ ፊደል፣ እኔ እንዳነበው። «ሕግ አምስት። በተመለሰው ሰሃን ላይ ያለውን ጆሮ ሁሉ፣ ሕጉን የጻፈው ሰው ራሱ ይብላ። አንደኛውን ማዕዘን በዝምታ፣ ሁለተኛውን እናቱን እያመሰገነ፣ ሦስተኛውን ሰው ሁሉ እያየው።» … ሁሉንም፣ አዎ። እስከ ፍርፋሪው።

— ከታች? … ከታች ምንም አትጻፍ። ይሄኛው ቀልድ አይደለም። … በል ደህና ዋል፣ ልጄ። … ሳሶን! ሳሶን፣ ኮትህን ልበስ፣ እንሄዳለን! … ጢምህን ተወው፣ አይሸጥም!